ከጓንዡ የሚመጣው አውሮፕላን

ኮልፌ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ምድሩ የፍራሽ መሸጫ፣ ሦስተኛው ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ የሆነ አንድ ሕንፃ አለ። ሃፊዛ ዩሱፍ የምትሠራው በሁለቱ መሐል፣ ደረጃውን ወጥተው በስተግራ ባለው የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ውስጥ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ዘጠኙን ያሳለፈችው እዚያ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ሰው ስትሸኝ ነው፤ እሷ ራሷ ግን አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም።

የኮልፌ ነጋዴ ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሃፊዛ ኮምፒውተሩን ሳታይ ትመልሳለች። ጅዳ ሁለት ሰዓት ተኩል። ዱባይ አራት ሰዓት። ኢስታንቡል አምስት ተኩል። ሩቅ ምሥራቅ ጓንዡ ሲሄዱ አሥር ሰዓት፣ ሲመለሱ ግን ነፋሱ ከፊት ስለሚገጥም አሥራ አንድ። ለአዛውንቶች ደግሞ በሚያውቁት መንገድ እየለካች ታስረዳቸዋለች። አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዑምራ ወደ ጅዳ የሚሄዱ እናት ፈርተው ብታያቸው፣ «እማማ፣ ከዚህ ተነስቶ ወልቂጤ መድረስ ማለት እኮ ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ «ወልቂጤማ ምን አላት!» ብለው እየሳቁ ወጡ። ሰፈሩ የሃፊዛን ሰዓት ያምናል። እሷ ይደርሳል ባለችው ሰዓት መኪና ተልኮ እንግዳ ሳይገኝ ቀርቶ አያውቅም።

ይህን ነገር የወረሰችው ከአባቷ ነው። ጋሽ ዩሱፍ ሠላሳ ዓመት፣ መጀመሪያ በአሰብ በኋላም በጅቡቲ መንገድ፣ ተሳቢ መኪና የነዱ ሰው ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ቤት ከዋሉ በኋላ እንኳ ርቀትን ሁሉ የሚለኩት በዚያው በለመዱት መንገድ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ትንሹ ልጃቸው ኑሕ ለንግድ ወደ ጓንዡ ሲሄድ ሃፊዛን ጠርተው፣ «ስንት ኪሎሜትር ነው?» አሏት።

«ስምንት ሺህ ገደማ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰሉ። «አሰብ ደርሶ መልስ አራት ጊዜ ተኩል ነዋ። በእኔ መኪና ወር ይፈጃል» አሉ። ከዚያ በኋላ ርቆ ሄደብኝ ብለው አንድም ቀን አማርረው አያውቁም። መንገድ የሚወስደውን ጊዜ ይወስዳል ብለው የኖሩ ሰው ናቸው።

ኑሕ ለሃፊዛ ወንድም ብቻ አልነበረም። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስምንት፣ እሱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። አባት መንገድ ላይ ናቸው። ልብሱን ያጠበችው፣ ወላጅ አምጣ ሲባል ትምህርት ቤት የሄደችው፣ በወባ ሲያተኩሰው አጠገቡ የተቀመጠችው እሷ ነች። ሊያገቧት ሽማግሌ የላኩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም «ኑሕ ይድረስልኝ» ብላ መለሰቻቸው። የጓንዡን ቲኬትም የቆረጠችለት በገዛ እጇ ነው። በመስኮት በኩል ያለ ወንበር መርጣለት፣ ከላይ ሆኖ የሚያየውን ሁሉ እንዲነግራት አደራ ብላው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ኑሕ ጥሩ ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል፤ ገበያውን፣ መንገዱን፣ የሚኖርበትን ክፍል በቪዲዮ ያሳያል። በሦስተኛው ዓመት መጥቶ ሁለት ሳምንት ሰንብቶም ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ግን ቪዲዮው ቀረ። «ኔትወርኩ አይችልም» ይላል። የሚደውለው በኢንተርኔት፣ በዚያው በድሮው አካውንቱ ነውና ሃፊዛ ምንም አልጠረጠረችም።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ዩሱፍ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ረመዳን ሲገባ እንደ ወትሮው መጾም አቃታቸው፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ «ኑሕ ቢመጣ» አሉ። ሃፊዛ ደወለችለት።

«ሃፊዝዬ፣ ርቀቱን ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?» አላት። «አሥራ አንድ ሰዓት እኮ ነው። ቅርብ ብሆን በየሳምንቱ እመጣ ነበር። ትንሽ ሥራ ልጨርስና ለአረፋ እመጣለሁ።»

ለአረፋ አልመጣም። ሃፊዛ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ «አባባ፣ ሩቅ ነው እኮ» አለቻቸው። እሳቸውም «አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉ። በዚያ ዓመት ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገመችላቸው እሷው ነች የምታውቀው።

በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ዩሱፍ ዐረፉ። አክስቷ ዙሀራ እግራቸው ሥር፣ ሃፊዛ ራስጌያቸው ነበሩ። ሃፊዛ ዓይናቸውን ከድና፣ አገጫቸውን በነጠላ ካሰረች በኋላ ወደ በረንዳ ወጥታ ኑሕ ጋ ደወለች። ኑሕ በስልክ ውስጥ ጮኾ አለቀሰ። ከዚያ ድንገት ድምፁን ሰብስቦ፣ «እመጣለሁ። ሳታሳዩኝ እንዳትቀብሩት። በአላህ ሃፊዛ፣ አንድ ጊዜ ፊቱን ልየው» አላት።

ሃፊዛ ሰዓቷን አየች። እዚህ ስምንት ከሆነ ጓንዡ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። አውሮፕላኑ የሚነሳው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ትደርሳለህ፣ አሁኑኑ ውጣ» አለችው።

ችግሩ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ነበር። ሰው በጊዜ ካረፈ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበራል፤ የእድሩ ሰዎች ቆፋሪ እንኳ ልከው ነበር። የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ሼህ ሙዘይን፣ ከጋሽ ዩሱፍ ጋር አርባ ዓመት የተጎራበቱ ሰው፣ ግቢው ውስጥ ቆመው ሲያስተባብሩ ሃፊዛ ፊታቸው ቀረበች።

«ሼህ፣ ወንድሜ እየመጣ ነው። እስከ ጠዋት ይጠበቅልኝ።»

«ልጄ፣ ጀናዛ ማዘግየት አይወደድም። አባትሽም ይህን አይወዱም ነበር።»

«አውቃለሁ። ግን ሰዓቱ የታወቀ ነው። አውሮፕላኑ በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይነሳል፣ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ቦሌ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ግቢ አደርሰዋለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ይውጣ። ከዚያ አንድ ደቂቃ አላስጨምርም።»

ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ። ሼህ ሙዘይን ግን፣ «ይህን የምትዪው አንቺ ስለሆንሽ ነው የምቀበለው» አሉና ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ «እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት» አሉ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ኑሕ ደወለ። «ገብቻለሁ። በሩን ሊዘጉት ነው፣ ስልክ አጥፉ እያሉን ነው። ጠዋት ቦሌ ጠብቂኝ» አላት። ሃፊዛ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አስታወቀች። አባቷ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ውስጥ ክፍል አደሩ።

ሲነጋ ታክሲ ተኮናትራ ቦሌ ሄደች። ስትወጣ አባቷን መሰናበት አስባ ነበር፤ በኋላ ግን ከኑሕ ጋር አብረን ገብተን እናያቸዋለን ብላ ተወችው።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ። ሃፊዛ ከተቀባዩ ሕዝብ ፊት ቆማ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ስትመለከት ቆየች። መጀመሪያ ትንሽ ሻንጣ የያዙ ወጡ። ቀጥሎ ጋሪ የሚገፉ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ዕቃ የከመሩ ነጋዴዎች። ግማሾቹ የእሷ ደንበኞች ነበሩ። አንድ ሰዓት ሞላ፤ ከዚያ ሁለት ተኩል። የሚወጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። የኑሕ ስልክ ዝግ ነው።

በመጨረሻ መዝገቡ ወጣ። መዝገቡ ቤቴል የሚኖር የአምፖል ነጋዴ ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ ጓንዡ ይመላለሳል፣ ኑሕም እንደሄደ ሰሞን ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። ሃፊዛን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ሃፊዛ! ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ኑሕን ነዋ። አብራችሁ አልነበራችሁም እንዴ? አባባ ትናንት ዐርፏል።»

መዝገቡ ጋሪውን ለቀቀው። «ውይ፣ አላህ ይዘንላቸው። በጣም ነው ያዘንኩት» አለና፣ «ኑሕን ነው ያልሽው? ወንድምሽን?» አላት።

«አዎ። ከአንተ ጋር አንድ አውሮፕላን ነው የገባው።»

«ሃፊዛ፣ ኑሕ እኮ ጓንዡ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዱባይ ነው ያለው። እኔ ራሴ በሰኔ ስመለስ እዚያ አግኝቼዋለሁ። አግብቷል፣ ልጅም ወልዷል… አልነገረሽም እንዴ?»

ሃፊዛ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። በኋላ እንደተናገረችው፣ ሐሳቧ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሚስቱም ወደ ልጁም አልነበረም። የሄደው ወደ ሰዓቱ ነው። ዱባይ አራት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስደውልለት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ማታውኑ ቤት ይገባ ነበር። ረመዳንን ሙሉ፣ አረፋን፣ አባባ በሩን እያዩ የተኙበትን ዓመት ሁሉ፣ አራት ሰዓት ርቀት ላይ ነበር። ስምንት ሺህ ኪሎሜትር ብላ ለአባቷ ስትነግር የኖረችው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነበር። ውሸቱን ኑሕ ፈጠረው እንጂ፣ በየቀኑ አባቷ ጆሮ ውስጥ የጨመረችው እሷ ነች።

ስልኳ ጮኸ። አክስቷ ዙሀራ ነች።

«የት ደረሳችሁ? ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ሰው ግቢው ሞልቶ መንገድ ላይ ቆሟል።»

«አትጠብቁ» አለች ሃፊዛ።

«ምን?»

«አይመጣም። አውጡት። እኔንም አትጠብቁኝ።»

መዝገቡ በራሱ መኪና ወሰዳት። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሙ። ኮልፌ ሲደርሱ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ፣ እግራቸው አፈር ለብሶ በአስፋልቱ ዳር ሲወርዱ አገኘቻቸው። ሼህ ሙዘይን ፊት ፊት ነበሩ። መኪናው ውስጥ ብቻዋን ሲያዩዋት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ሃፊዛ ቤት ገብታ አባቷ ያደሩበትን ክፍል ስትከፍት ፍራሹ ተነስቶ፣ ወለሉ ታጥቦ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። እዚያ ባዶ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኑሕ ደወለ። ሃፊዛ ከለቀስተኛው መሐል ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ሃፊዝዬ፣ አወረዱኝ» አላት ሳታናግረው። «ወረቀትህ ልክ አይደለም ብለው ከአውሮፕላኑ ላይ አወረዱኝ። ስልኬንም ወስደው ነበር። ይኸው እስካሁን ጓንዡ ኤርፖርት ቁጭ ብያለሁ።»

 ከበስተጀርባው አዛን መሰማት ጀመረ። ኮልፌ ላይ የዐስር ሶላት ከተሰገደ ቆይቷል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው መግሪብም ገና ነው። ጓንዡ ደግሞ ይህን ጊዜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐይ አሁን እየጠለቀች ያለችበትን ከተማ ሃፊዛ አወቀችው።

«ኑሕ» አለችው፣ «ከዱባይ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?»

 አዛኑ ብቻ ይሰማል።

«አራት ሰዓት ነው» አለች። «ማታ ትደርስ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

መጀመሪያ ያለው ይህን ነው። ይቅርታ አይደለም፣ አባቴ ተቀበረ ወይ አይደለም። ሃፊዛ ከዚያ በፊት በእሱ ላይ ብስጭት ብቻ ነበር የተሰማት፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ከውስጧ ተቆርጦ ወደቀ።

«ነግደህ ከስረህ ይሆናል፣ አፍረህ ይሆናል። አግባ፣ ውለድ፣ ማን ከለከለህ? አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እንደማትመጣ እያወቅክ ለምን አስጠበቅከን?»

«እመጣለሁ ካልኩሽ በኋላ ቃሌን ማጠፍ አቃተኝ» አላት እያለቀሰ። «አታውቂም… ጓንዡ እንዳልሰመረልኝ፣ ባዶ እጄን መሆኔን… አባባ ፊት እንዴት ልቁም?»

«አባባ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ» አለችና ዘጋችው።

አክስቷ ዙሀራ ነገሩን ስትሰማ ደረቷን መታች፤ ቀጥላ ግን የሃፊዛን ክንድ ያዘች። «ይህ ከዚህ ቤት አይውጣ። የወረቀት ነገር ከለከለው በሉ። ገመናችን ነው፣ ልጅ ነው፣ ነገ ይመጣል።»

ሃፊዛ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ ሼህ ሙዘይን ቤት ሄደች። በርጩማ ሲሰጧት አልቀመጥ ብላ ቆማ፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«በእኔ ቃል ነው ጀናዛው ያደረው» አለች። «ስለዚህ እርስዎ እውነቱን ማወቅ አለብዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሼህ ሙዘይን መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ «አንቺ ያልሽው ሰዓት ልክ ነበር» አሏት። «አውሮፕላኑ ባልሽው ሰዓት ገባ። ያልገባው ሰውዬው ነው፤ እሱ ደግሞ በአንቺ አይጠየቅም። ይልቅ የአባትሽን ፊት ሳታዪ መቅረትሽ ነው እኔን ያሳዘነኝ።» ሃፊዛ በዚያ ቤት በር ላይ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ሼሁ ለማንም አላወሩም፤ መዝገቡ ግን ለሚስቱ ነግሮ ነበርና በወሩ ኮልፌ ሁሉ አወቀው።

በየካቲት ኑሕ መጣ። ቤቴል አካባቢ ሆቴል ይዞ፣ አክስቱን አስቀድሞ ነው ቤት የገባው። ወፍሯል፣ ፂሙን በልኩ ተከርክሟል። ሃፊዛ ሻይ አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳትጮህበት ስትቀር እሱ ጀመረ።

«ለሰው ሁሉ አውርተሽ አዋረድሽኝ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ አጣሁ። እህት እንዲህ ታደርጋለች? አንቺ ብትይዢው ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ አውቅ ነበር» አለችው።

«በቃ፣ ተሳስቻለሁ አልኩ አይደል? ሰው አይሳሳትም?»

አክስት ዙሀራ «ተነሱ፣ ተሳሳሙ» እያለች መሐላቸው ቆመች። ሃፊዛ ተነሳች፤ የተነሳችው ግን ሊስማት እጁን የዘረጋውን ወንድሟን አልፋ ወደ በሩ ልትሄድ ነው። «መቃብሩን ሼህ ሙዘይን ያሳዩሃል። ጠይቃቸው» አለችው። ሄዶ መጠየቁን አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ወደ ዱባይ እንደተመለሰ አክስቷ ነገረቻት።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። በመጋቢት አንድ ቀን ግን፣ ቢሮ ተቀምጣ ምሳዋን ልትከፍት ስትል፣ ከማታውቀው ሰው የድምፅ መልእክት ገባላት። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ አማርኛዋ የጅማ ቃና አለው።

«ሃፊዛ፣ አታውቂኝም። ኢሊሊ እባላለሁ፣ የኑሕ ባለቤት ነኝ። መዝገቡ እዚህ ሲያልፍ ‹አማችሽን አላህ ይዘንላቸው› አለኝ፤ በኅዳር ማረፋቸውን የነገረኝም ስልክሽን የሰጠኝም እሱ ነው። እኔ ግራ ገባኝ። ስንጋባ ኑሕ አባቴ ሞቷል ነው ያለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት። ለሳቸው ብዬ ሰደቃ አውጥቻለሁ። እውነት እስከ ኅዳር ነበሩ? በአላህ መልሺልኝ።»

ሃፊዛ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማችው። አባቷ በሩን እያዩ ኑሕ ቢመጣ ሲሉ፣ ለኑሕ ግን ከሞቱ ቆይተዋል። ከቦሌው ጠዋት የባሰ ነገር ሊኖር ይችላል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ኖረ።  ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባት፤ ይህችም ልጅ እንደ እሷው የተታለለች ነች። ደወለችላት።

ኢሊሊ ስልኩን ስታነሳ ከኋላ ሕፃን ልጅ ይንጫጫል።

«እስከ ኅዳር ነበሩ» አለቻት ሃፊዛ። «ልጅሽ ስንት ወር ሞላው?»

«አሥራ አራት። ሂክማ ነው ስሟ።» አለች ኢሊሊ። «ሊያዩዋት ይችሉ ነበር ማለት ነው?»

«ይችሉ ነበር።»

 ከዚያ ኢሊሊ፣ «ኑሕ ስለሳቸው ምንም ነግሮኝ አያውቅም። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለቻት።

ሃፊዛ ተነስታ የቢሮውን በር ቆለፈች፣ የምሳ ዕቃዋን ወደ ጎን ገፋች፣ ደንበኛ የሚጠብቅበት ሶፋ ላይ ተቀምጣም ትነግራት ጀመር።